የብሪቾላ ባዶ ገጽ

እኔ በሕይወቴ ያደንኩት አንድ ዶሮ ብቻ ነው። እሱም ሽሮ ሜዳ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ የእግሩን ገመድ ፈትቶ ከአጥር አጥር ሲያዞረኝ ውሎ በመጨረሻ በራሱ ፈቃድ ወደ ቤታችን የተመለሰ ዶሮ ነው። ጎረቤት ሁሉ ግን እኔ የያዝኩት መስሎት አጨበጨበልኝ፤ እኔም አልካድኩም። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኔን ከአሁኑ ብታውቁት ጥሩ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አደን የማወራችሁ ልምድ ኖሮኝ አይደለም። ለትልቅ ሰው እንቢ ማለት ስለማልችል ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር «እሺ» ይባላል። ከዚያ ነገሩ ይዋል ይደር ይባላል፣ ቀን ያልፋል፣ ተናጋሪውም ይረሳዋል፣ ሁሉም በሰላም ይኖራል። በዚህ ዘዴ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ችግር የመጣው ሮም ላይ የገጠሙኝ ትልቅ ሰው ምንም ነገር የማይረሱ ሆነው ሲገኙ ነው።

ሲኞር ኤቶሬ ይባላሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ ናቸው። ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ እየጦርኳቸው አብረን መኖር ከጀመርን አምስት ዓመት አልፎናል። በጉልበታቸው ዘመን በሥራ ቀን ትራም ይነዱ ነበር፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ ኮረብታ ለኮረብታ ወፍ ያድኑ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው ከተሽከርካሪ ወንበር አይወርዱም። ዓይናቸውም ደክሟል፤ ቅርብ ያለውን በመነጽር ያነባሉ፣ ራቅ ያለው ግን ጥላ ጥላው ብቻ ነው የሚታያቸው። ጠመንጃቸውን ልጃቸው ሲኞራ ፓኦላ ፈቃዱ ያበቃ ጊዜ ሸጠችው። ከአደን ዘመናቸው የቀራቸው አንድ ጥቁር ደብተርና አንዲት ውሻ ነው።

የውሻዋ ስም ብሪቾላ ነው፤ በጣልያንኛ ፍርፋሪ ማለት ነው። ስሟን ሰምታችሁ ትንሽ እንዳትመስላችሁ። ሶፋው ላይ ስትጋደም ለሌላ ሰው ቦታ አይተርፍም። ጆሮዋ እስከ አገጯ ይንጠለጠላል፤ ፊቷ ደግሞ ሁልጊዜ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ፊት ነው። ዘሯ ወፍ የሚያሳድድ ዘር አይደለም። ወፍ ስታሸት አትጮኽም፣ አትሮጥም። አንድ እግሯን አንሥታ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ወፉ ወዳለበት አቅንታ ድርቅ ትላለች። ከዚያ አዳኙ ቀስ ብሎ መጥቶ ወፉን ያስነሣል። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ገና ቡችላ ሳለች አንድ ቀን እንዲያ ሆና ባያት፣ ሽባ የሆነች መስሎኝ እግሯን በወይራ ዘይት ሳሽላት ነበር። ሲኞር ኤቶሬ እስኪያለቅሱ ሳቁብኝ።

ደብተሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ሲኞር ኤቶሬ ከብሪቾላ በፊት ሰባት ውሾች አሳድገዋል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ አላቸው። ገጹ ላይ የሚጻፈው ውሻው በሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍ አሽቶ የቆመበት ዕለት ነው። የውሻው ስም፣ ቦታው፣ ከማን ጋር እንደነበሩ፣ አቋቋሙ እንዴት እንደነበር፣ በመጨረሻ ወፉ። «ከማን ጋር» በሚለው መስመር ላይ ወንድማቸው አሉ፣ አንድ የትራም ባልደረባቸው አለ፣ ሁለት ቦታ ላይ ሚስታቸው አሉ። ሁሉም አልፈዋል። ስምንተኛው ገጽ ላይ «ብሪቾላ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። እሷ በመጣችበት ዓመት ጉልበታቸው ስለከዳቸው ብሪቾላ ከከተማ ወጥታ አታውቅም።

«ባዶ ገጽ ትቼ አልሄድም» አሉኝ አንድ ቀን። ወዴት እንደማይሄዱ አልጠየቅኳቸውም፤ ገብቶኛል።

ዕቅዱ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጉ፤ ጫፍና ጫፉን በጨውና በስኳር ዕቃ አስያዙት። ከሮም ወደ ሪዬቲ በሚወስደው መንገድ፣ የሳቢና ኮረብታዎች ከሚባሉት አንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያቺ ጣት ከዚያ ኮረብታ አልወረደችም።

«እዚህ ጋ ወንዝ አለ» ይሉኛል። «ትንሽ ናት፣ ትሻገሪያታለሽ። ከወንዙ ማዶ የታጨደ የስንዴ ማሳ አለ። ከማሳው በላይ የጥድ ቁጥቋጦ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል። ጉሙ እስኪነሣ ማናችንም አንናገርም።»

«እሺ፣ ሲኞር።»

«ብሪቾላ አንገት ላይ ቃጭል እናስራለን። ጉም ውስጥ ውሻ አይታይም፤ የሚሰማው ቃጭሉ ብቻ ነው። ቃጭሉ ዝም ሲል ወፍ አገኘች ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀስ ብለሽ ሄደሽ፣ አጨብጭበሽ፣ ወፉን የምታስነሺው አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ ሲኞር።»

እኔ ይህን የምለው ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው። ሕልም ነው፣ ሕልም አይከለከልም ብዬ ነው። እሳቸውም በስልክ ሳወራ እየሰሙ አንዲት የአማርኛ ቃል ለምደዋል፤ እሷም «እሺ» ናት። ደስ ስትላቸው መልሰው ይሏታል፣ እኔም እስቃለሁ። እንዲህ ስንባባል አንድ ወር አለፈ።

ኋላ ግን ነገሩ ወደ እኔ ተጋባ። አንድ ቀን አንሶላ እየተኮስኩ ከካውያው የሚወጣው እንፋሎት ጉም መሰለኝ። ከጉሙ ውስጥ ቃጭል ሰማሁ። ከታች የሚያልፈው ባቡር ወንዝ ወንዝ ይል ጀመር። የታጨደው ስንዴ እግሬን ሲወጋኝ ሁሉ ተሰማኝ፤ እኔ ግን ስንዴ ማሳ ረግጬ አላውቅም፣ ሽሮ ሜዳ ምን ማሳ አለ። ስነቃ የሲኞር ኤቶሬ አንሶላ መሐሉ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቡናማ ምልክት ነበረው። ከዚያ ወዲያ ካርታው ሲዘረጋ ካውያውን ነቅዬ፣ ወንበር ስቤ መቀመጥ ጀመርኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ኮረብታ ያየሁት መጀመሪያ በሳቸው ጣት ሥር እንደሆነ ይሰማኛል።

ቃጭሉ የሰማሁት ግን ሕልም ብቻ አልነበረም። ለልምምድ ተብሎ ብሪቾላ አንገት ላይ ታስሮ ነበር። እሷ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን ስትመላለስ ቤቱ ሙሉ ኪል ኪል ይላል። ከታች ያሉት ጎረቤት ሁለት ቀን ታገሡ፣ በሦስተኛው ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ ፍየል ማርባት ጀምራችሁ እንደሆነ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ።

ቀን መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በጣልያን ሕግ ማክሰኞና ዓርብ አደን ክልክል ነው። ጠመንጃ እንኳ የለንም ብላቸው «ሕግ ሕግ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ስንቅ ቋጥሬ የምወጣ ከሆነ ሥጋ ያለበት ስንቅ ነው የምቋጥረው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የእኔ ዕረፍት ነው፣ ሰኞ ሐኪማቸው ይመጣል። የነቢያት ጾም ሳይገባ ማለቅ አለበት። ይህን ሁሉ ስንቀንስ የቀረችን አንዲት ቅዳሜ ናት። ዓርብን በተመለከተ ግን ወፎቹም እኔም በሰላም እንደምንውል ተስማማን።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናዘዝላችሁ። ሲኞር ኤቶሬ በብሪቾላ ላይ አንድ ሕግ አላቸው። በስኒ ተለክቶ ከሚሰጣት ደረቅ ምግብ በቀር ምንም አትቀምስም፤ በተለይ ቅመም፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የሚባል ነገር አፍንጫዋን ይገድለዋል። እኔም «እሺ» ብያለሁ። እኔ ግን ሰው እያየኝ መብላት አልችልም። ያደግኩት አጠገብ ላለ ሰው ሳያጎርሱ መዋጥ በሚያሳፍርበት ቤት ነው። ብሪቾላ ደግሞ ስበላ ታያለች። በዚያ ለቅሶ ቤት በዋለ ፊቷ ከእጄ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ እጄ ታያለች። ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ እየተሰነቀረ ሲያስቸግረኝ አንድ ቀን አንዲት ጉርሻ ሰጠኋት። ከዚያማ ለመደች። አራት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛ ሥር አጎረስኳት።

ይባስ ብሎ፣ ወጥ ስሠራ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ድርቅ የምትለው ወደ ምድጃው ነው። ምድጃው ያለው በረንዳው በር አጠገብ ነው፤ በረንዳው ላይ ደግሞ እርግቦች አይጠፉም። ሲኞር ኤቶሬ ከወንበራቸው ሆነው የሚያዩት ጥላዋን ነው፤ «አየሻት፣ እርግቦቹን እኮ ነው» ይሉኛል፣ ፊታቸው እየበራ። እኔ ድስቱን አማስላለሁ። አንዳንድ ጊዜ እርግብ በሌለበት ቀንም እንዲሁ ይላሉ።

ስለዚህ ያቺ ቅዳሜ ስትቃረብ ፈራሁ። አፍንጫዋን እኔ በበርበሬ አበላሽቼው ከሆነስ? ሜዳ ወጥታ ምንም ሳታሸት ብትመለስ፣ ያ ገጽ ባዶ የሚቀረው በእኔ ጉርሻ ነው። የዚህን ያህል አስቤ የማላውቅ ሰው እንቅልፍ አጣሁ።

ጉዞውን ማስቀረት ነበረብኝ፤ ግን ማን ያስቀረው? መጀመሪያ ለሲኞራ ፓኦላ ደወልኩ። እሷ ፍሎረንስ ነው የምትኖረው።

«አባባ በየመከሩ እንዲህ ያደርገዋል» አለችኝ። «እሺ በዪው፤ ያልፍለታል።»

ከዚያ ለአባቷ ደውላ «ቫ ቤኔ ፓፓ፣ ይሁን፤ እሷ እሺ ካለች ሂዱ» አለቻቸው። እኔ እንቢ የምል መስሏት ነው። ልጅቱ አምስት ዓመት ሙሉ አላወቀችኝም።

ሁለተኛው ተስፋዬ ካሳሁን ነበር። ካሳሁን ሮማኒና ሰፈር የሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ በአሮጌ ነጭ ፉርጎኔ የሰው ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ነው። ሲኞር ኤቶሬ መኪና ያለው ሰው አምጪ ባሉኝ ጊዜ እሱን ያመጣሁት እንቢ እንዲልልኝ ነው። ደረጃ ላይ በደንብ አስጠናሁት፤ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ በል፣ ፉርጎኔው ታሟል በል፣ የፈለግከውን በል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ገባ። ሲኞር ኤቶሬ ለወጉ ክራቫት አስረው፣ ካርታውን ዘርግተው፣ ባዶውን ገጽ ገልጠው ጠበቁት። ወንዙን አሳዩት፣ ማሳውን አሳዩት፣ ቁጥቋጦውን አሳዩት። ካሳሁን ኮፍያውን አወለቀ።

«እሺ፣ ሲኞር» አለ።

ደረጃው ላይ ያዝኩት። «ምን ነካህ አንተ?»

«ሽማግሌ ናቸው እኮ» አለኝ። «ክራቫታቸውን አላየሽም? አሎራ፣ እንዴት አድርጌ ነው እንቢ የምለው? ደግሞ እኔ እሺ ብልም አንቺ እንቢ ትያለሽ ብዬ ነው።»

«እኔማ አንተን ተማምኜ ነበር።»

«በይ እንግዲህ ስንቅ አሳምሪ» ብሎኝ ወረደ።

ስንቁን አሳመርኩት። ሲኞር ኤቶሬ አዳኝ ዳቦና አይብ ነው የሚይዘው ቢሉም፣ እኔ ሰው ይዤ መንገድ ወጥቼ በዳቦ አልመልስም። ዓርብ ዕለት ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ዓርብ ስለሆነ ግን አልቀመስኩትም። ጨዉንም በርበሬውንም በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩ፤ በቂ ነው ስል ደግሞ ለማንኛውም ብዬ አንድ ማንኪያ ደገምኩ። ብሪቾላ ሽንኩርቱ ከተጣደበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚወጣ ድረስ አንድ እግሯን አንሥታ ቆማ ዋለች። ሲኞር ኤቶሬ «ዛሬ እርግቡ በዛ» አሉ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ኮረብታው ላይ መሆን ነበረብን። ካሳሁን ሊደርስ የነበረው ከማለዳው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ የደረሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ትራፊኮ ነው አለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሮማኒና እስከ ቶር ፒኛታራ፣ ያቺን አጭር መንገድ። ሲኞር ኤቶሬ ግን አልተቆጡም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጭነው፣ የድሮ ከዘራቸውን ይዘው፣ ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከፊት ተቀመጡ። እኔና ብሪቾላ ከኋላ፣ ዕቃ በሚታሰርበት ገመድ መሐል ሆንን። እሷ መንገዱን ሁሉ አገጯን በፎጣ የተጠቀለለው ድስት ላይ አስደግፋ ሄደች። ዓይኗን ጨፍናለች፤ የጸሎት ሰው ትመስላለች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኮረብታው እንደ ካርታው ነበር። ወንዟ ትንሽ ናት። ማሳው ታጭዷል። ይሄ ሁሉ ሰዓት አልፎም ጉሙ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ጠበቀን። ካሳሁንና እኔ ወንበሩን ከነሲኞር ኤቶሬ አንሥተን፣ ማሳው ዳር፣ መሬቱ ደረቅ ያለበት ላይ አኖርነው። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። አየሩን ሳቡት፣ ያዙት፣ ቀስ ብለው ለቀቁት። አንድ ነገር ቢሆኑ ሥራዬም ፔርሜሶዬም (የመኖሪያ ፈቃዴ) አበቃለት ብዬ ስፈራ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ረሳሁት። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

«ምግቡ ከውሻዋ ይራቅ» አሉ ሲኞር ኤቶሬ በሹክሹክታ። «አፍንጫዋ ንጹሕ ይሁን።»

«እሺ፣ ሲኞር» አለ ካሳሁን። እኔ በዚያን ሰዓት ከመኪናው ኋላ ሆኜ ለብሪቾላ ቃጭሉን ሳስር ነበር፤ የት እንዳራቀው አላየሁም።

ለቀቅኳት። ብሪቾላ አራት ዓመት ሙሉ ምንጣፍ የረገጠች ውሻ ናት። መጀመሪያ አፈሩን አሸተተች፣ አነጠሰች፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገባች። ኪል ኪል፣ ኪል ኪል። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ተመለሰች፣ ራቀች፣ ቀረበች። እኛ ሦስታችን ጆሯችንን ጥለን ቆምን። ያ ሁሉ ጊዜ በእንፋሎት ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ነው። የትኛው ሕልም የትኛው ኮረብታ እንደሆነ ለይቼ መናገር እስኪያቅተኝ ድረስ ቆየሁ።

ቃጭሉ ዝም አለ።

ሲኞር ኤቶሬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጉሙ ሳሳ ሲል አየናት። ከማሳው በላይ፣ ጥድ ቁጥቋጦው አጠገብ፣ አንድ እግሯ ተነሥቶ፣ ጭራዋ ቀጥ ብሎ፣ አፍንጫዋ ወደ ቁጥቋጦው ቀንቶ ድርቅ ብላለች። አትተነፍስም ማለት ይቻላል። ያቺ ሶፋ የማታስነካ ውሻ ነች ብሎ የሚያምን የለም።

«ሂጂ» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ።»

ሄድኩ። ጫማዬን ጭቃ እየሳበው ሄድኩ። ብሪቾላን አልፌ ቁጥቋጦውን በእጄ ገለጥ አደረግኩት።

ድስቴ ነው። በፎጣዬ ተጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ፣ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ካሳሁን ከውሻዋ ያራቀው እዚህ ነው።

ዞር ብዬ አየሁ። ካሳሁን እጁን በአፉ ላይ ጭኗል። ሲኞር ኤቶሬ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከወንበራቸው ወደ ፊት ተስበው፣ የማያዩትን ሊያዩ አንገታቸውን አስግገዋል። አንጀቴን በሉት። ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

በኃይል አጨበጨብኩ። ግራጫ ሻርፔን ከአንገቴ ፈትቼ ወደ ላይ ወረወርኩት፤ በአፌም የቻልኩትን ያህል «ብርርርር» አልኩ። ሻርፑ ጉሙ ውስጥ ተንሳፈፈና ከቁጥቋጦው ማዶ ወደቀ። ሲኞር ኤቶሬ ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ወደ ሰማይ አነጣጠሩ፣ ተከተሉት፣ ግን አልተኮሱም። ዝቅ አደረጉት።

«ቆቅ ነች?» አሉ ከሩቅ።

«ቆቅ ነች፣ ሲኞር።»

«አንዲት?»

ለትልቅ ሰው አንዲት ብቻ ማለት ቅር አለኝ። «ሁለት» አልኩ።

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ወንዙ። ጥንድ ጥንድ ሆነው።» ሁለት ወፍ እንዴት ጥንድ ጥንድ እንደሚሆን አትጠይቁኝ፤ ከአፌ ወጣ።

ካሳሁን ወደ ቁጥቋጦው እያየ «እህት ዓለም፣ ድስቱ...» ሊል ሲል በዓይኔ ዝም አሰኘሁት።

ምሳ ሆነ። ድስቱን ካሳሁን ከመኪናው ኋላ ዞሮ ያመጣው አስመስሎ አመጣው። ጨው የለውም። በርበሬው ግን ለዓመት የሚበቃ ነው። እኔና ካሳሁን እንባችንን እየጠረግን በላን። ሲኞር ኤቶሬ የዶሮውን እግር ይዘው ቀስ ብለው ጋጡት፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፣ አላቋረጡም። ከዚያ አንድ ነገር አደረጉ። ከሥጋው ቆርሰው፣ ወጡን ጠረግ አድርገው፣ ብሪቾላን በገዛ እጃቸው አጎረሷት። ያን ሁሉ ሕግ ያወጡት ሰው ናቸው። ደስታ ያስደረጋቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ብሪቾላ እግሬ ላይ ተኛች፤ ሲኞር ኤቶሬም ካርታውን ሳያጥፉ ከፊት ተኙ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያቺ ቆቅ አደገች። ለሲኞራ ፓኦላ በስልክ ስነግራት ሦስት ሆነች። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ለእህቶች ሳወራ መንጋ ሆነች፤ ክንፋቸው ፀሐይ ጋረደ። ካሳሁን አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሲኞር ኤቶሬ ፊት ባወራሁ ቁጥር ግን እሳቸው በጽሞና ያዳምጣሉ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዴም ለትክክለኛነቱ «ከጉሙ በስተግራ ነው የወጡት፣ አይደል?» ብለው ያግዙኛል። እኔም «በስተግራ ነው» እላለሁ። የሽሮ ሜዳው ዶሮ ጭብጨባ ትዝ እያለኝ ሌሊት አልጋዬ ላይ አፍራለሁ። የእኔ ቆቅ ደብተራቸው ውስጥ ከሰባቱ እውነተኛ ወፎች ተርታ ልትገባ ነው። ከሚስታቸው ገጽ ቀጥሎ። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ልናገር ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ጾሙ ገባ፣ እኔ አልተናገርኩም።

አንድ ማለዳ ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛ እየጠረግኩ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ ሳሎን ናቸው፣ ብሪቾላ ሶፋው ላይ ናት። ካርታው ከጠረጴዛው ተነሥቷል፤ በቦታው ላይ ጥቁሩ ደብተር ተገልጦ ቀርቷል፤ መነጽሩም በላዩ ላይ ነው። ስምንተኛው ገጽ ባዶ አይደለም። በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈታቸው፣ መስመር በመስመር ተሞልቷል። ላንብብላችሁ።

ውሻ፦ ብሪቾላ።

ቦታ፦ ሳቢና፣ ከማሳው በላይ፣ ጥድ ቁጥቋጦው ጋ።

ከማን ጋር፦ እዚህ ላይ ስሜ አለ። ከነአባቴ ስም፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል። ከሥሩ ደግሞ ካሳሁን።

አቋቋም፦ ከስምንቱ ሁሉ የሚበልጥ።

ወፍ፦ ዶሮ። በርበሬ በዝቶባታል።

ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ኩሽናው ውስጥ የነበረው ድምፅ ሁሉ ቆመ፤ የእኔ ጨርቅ፣ የእኔ እግር፣ የእኔ ማንጎራጎር።

ሲኞር ኤቶሬ ከሳሎን ዝምታዬን ሰሙት።

«ቆምሽሳ» አሉ። «ምን አገኘሽ?»

«ዶሮ ነው፣ ሲኞር።»



«እሺ» አሉኝ፣ በአማርኛ።